ለአንድ ቃል ምስክር ስፈልግ

ሞጣ ላይ የመጻሕፍት ትርጓሜ ስማር ግትር ነበርኩ፤ ግትርነቴን ደግሞ ጽናት ነበር የምለው። አንድ ሰኞ ጠዋት እህቴ ከቢቸና ደወለች።

«እማዬ ታማለች፤ አንተን አንተን ትላለች» አለችኝ።

የሉቃስን ወንጌል ለመጨረስ ጥቂት ነበር የቀረን፤ አቋርጬ መሄድ አልፈለግሁም። ስለዚህ እናትና አባቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም የሚለውን ቃል ጠቀስኩላት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ስልኩን መዝጋቷ ስላልለቀቀኝ ቃሉን ከሰዓት በኋላ የኔታ ፊት አቀረብኩት። የእናቴን መታመም ግን አላነሳሁም፤ እንደ ትምህርት ጥያቄ አድርጌ ነው የጠየቅኋቸው።

«ምስክር አምጣለት» አሉኝ።

በእኛ ጉባኤ የከበደ ቃል ብቻውን አይቆምም። ተማሪው ከሌላ መጽሐፍ የሚያግዘውን ወይም የሚገታውን ቃል ፈልጎ ያመጣል፤ መምህሩም እስኪያመጣ ይጠብቃሉ እንጂ ቀድመው አይናገሩም። እኔ የፈለግሁት የሚያግዘኝን ብቻ ነበር። በማግስቱ ማቴዎስን ይዤ ቀረብኩ።

«ይኸ እኮ እናት አባቱን ከእኔ አብልጦ የሚወድ ነው የሚለው፤ የማይጠላ አይልም። ልብ ብለኸዋል?» ብለው መለሱኝ።

ከአባቱ ቤት እንዲወጣ የታዘዘውን አብርሃምን አመጣሁ። የሐዋርያት ሥራን አስገለጡኝ፤ አብርሃም ከካራን የወጣው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው ይላል። ተናደድኩ። ያን ቀን ራቴን እንኳ በወጉ አልበላሁም።

ረቡዕ ጠዋት ማርቆስን ሳገላብጥ፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ እያሉ ወላጆቻቸውን መርዳት የተዉ ሰዎች የተወቀሱበት ቦታ ላይ ደረስኩ። እኔኑ ነበር የሚወቅሰው። ሄጄ ሁሉንም ለየኔታ ነገርኳቸው።

መጽሐፋቸውን ዘጉት። «እናትህ ታመው ነው ሁለት ቀን ሙሉ ጥቅስ ስትለቅም የከረምህ? ሂድ፣ መኪና ሳያመልጥህ።»

ቢቸና ስደርስ እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ያልኸውን እህትህ ነግራኛለች፤ አልተቀየምሁህም» አለችኝ። «እኔ አልተማርሁም፤ ግን በየስቅለቱ ሲነበብ እሰማለሁ። እሱ መስቀል ላይ ሁኖ እንኳ እናቱን አደራ ሰጥቶ የለ?»

የዮሐንስን ወንጌል በቃሌ ነበር የማውቀው። ሁለት ቀን ሙሉ ምስክር ስፈልግ ያ ቦታ አልታወሰኝም፤ እውነቱን ለመናገር እንዲታወሰኝም አልፈለግሁም። እስካሁን አፍርበታለሁ።

አሁን እኔም ሞጣ ላይ አስተምራለሁ። ተማሪ ከባድ ቃል ይዞ ሲመጣ፣ ምስክር አምጣ ከማለቴ በፊት ቤተሰቦቹ ደኅና መሆናቸውን እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ምን ነካቸው በሚል ዓይን ያየኛል።

እናቴ ቢቸና ከደረስኩ በኋላ የኖረችው ስድስት ቀን ነው። ስምንት ቀን አብሬያት መሆን እችል ነበር።