አጎቴ ያላስነበቡኝ ገጽ

ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ እንጅባራ ውስጥ እንደኔ ተውኔት የሚያነብ ሽማግሌ ካለ ይምጣ። ቤተሰቦቻቸው ስለተጣሉ እንዳይጋቡ የተከለከሉ የሁለት ወጣቶችን አሳዛኝ ተውኔት፣ ከመጨረሻው ገጽ በቀር፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። ለአጎቴ ደጋግሜ ሳነብላቸው ነው ያጠናሁት። እሳቸው በአገሩ የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። ልጁ መርዙን ሊጠጣ ሲል ሁልጊዜ እጃቸውን መጽሐፉ ላይ ያሳርፋሉ።

«ቆይ አንተ፣ ሽማግሌ ሳይላክ ምን ሞት አለ?»

«አጎቴ፣ ተጽፎ ያለቀ ነገር እኮ ነው።»

«አንተ ማንበብ እንጂ ማስታረቅ አታውቅም። አባቶቻቸውን ነገ አነጋግራለሁ።»

አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ ባዶው መደባቸው ላይ ተቀምጬ ያንን ገጽ ገለጥኩ። የሚከለክለኝ እጅ አልነበረም። ሳላነበው መጽሐፉን ዘጋሁት። ማስታረቅ አታውቅም ቢሉኝም፣ ልጆቹ እስካሁን በሕይወት አሉ።