ቅዳሜ ቅዳሜ የምትታጠበው ሎደር

ጅማ

ሐጂ ኑሩ የደወሉልኝ ጋራዡን ገና ሳልከፍት ነው። ሐጂ ጋምቤላ ከተማ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ፣ ከዚያ ጎን ለጎን አንዲት አሮጌ ትንሽ ሎደር የሚያከራዩ ነጋዴ ናቸው።

"ደረጄ፣ ሎደሯ እጇን እንደ ሰቀለች ቀረች" አሉኝ። "ኢታንግ መንገድ ላይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ስትጠርግ ነው የቆመችው። ቦዩ በደለል እንደተደፈነ ነው። ዋናው ዝናብ ሳይገባ ካላስነሳሃት ሰፈሩን ውሃ ይወስደዋል።"

ይህችን ዓይነት ሎደር ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ቁመቷ ከሰው ብዙም አይበልጥም፣ መሪ የላትም፤ የአንዱ ጎን ጎማዎች ሲቆሙ የሌላኛው እየዞሩ ባለችበት ትሽከረከራለች። ትልልቆቹ ማሽኖች የማይገቡበት ጠባብ ቦታ ትገባለች። ጉልበቷ ያለው በሃይድሮሊክ ዘይቷ ነው። ፖምፓው ዘይቱን በቱቦ ገፍቶ ይልካል፣ ዘይቱ እጇን ያነሳል፣ ጎማዋን ያዞራል። ዘይቱ ከተበላሸ የብረት ክምር ናት።

እውነቱን ለመናገር መሄዱን አልፈለግሁትም ነበር። የጋምቤላን ሙቀት አልችልም፣ አውቶቡስ ላይ ወገቤን ያመኛል፣ በዚያ ላይ አሮጌ ማሽን መንገድ ዳር ፈትቶ መግጠም ራስን ለውርደት ማመቻቸት ነው። ግን ሐጂ የሚለምኑ ሰው አይደሉም፤ በዚያን ዕለት ግን ለመኑኝ። የሲሊንደሩን ዘይት የሚያግተውን የጎማ ማሸጊያ፣ እኛ ጎሚኒ የምንለውን፣ ፊልትሮውንና ቁልፎቼን ቦርሳ ውስጥ አጨቅሁና በማግስቱ ጠዋት ተሳፈርኩ።

ከመቱ ወደ ቆላው

ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ተጨቃጨቅን። ጎሚኒ ፀሐይና አቧራ አይወድም፤ እስከ በደሌ ጭኔ ላይ አቅፌው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ልጄ፣ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የምትሳሳለት?" አሉኝ። "ጎማ ነው" ስላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

መቱ አደርኩ። ዝናቡ የአልጋ ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ አደረ። የዚያ አገር ውሃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ባሮ ነው። እኔ በአውቶቡስ፣ እሱ በወንዝ፣ ሁለታችንም ወደ አንድ ቦታ እየሄድን እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጎሬ ላይ ሽሮ በልተን ቁልቁለቱን ጀመርን። ጫካው እየሳሳ፣ አየሩ እየከበደ፣ ሹራብ የለበሰው ተሳፋሪ አንድ በአንድ እያወለቀ ወረድን። ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ቁልፎቼን አይቶ "ምን ልትፈታ ነው?" ሲለኝ "እግዜር ካለ ሎደር" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከኋላችን ደመናው ተራራውን ሸፍኖት ነበር።

ጋምቤላ ከተማ

ከመናኸሪያ እስከ ሐጂ ሱቅ ባጃጁ የጠየቀኝ ዋጋ ጅማ ላይ ግማሽ ቀን ያዞረኛል። ነዳጅ በወረፋ ነው አለኝ፤ ላቤን እየጠረግሁ ከፈልኩ። ሐጂ ከባሮ የወጣ የተጠበሰ ዓሣ አስመጥተው አበሉኝ፤ እሳቸው ከጭንቀት አልነኩትም። ከዚያ ሱቁ ጥግ የተደረደሩ የታሸጉ ጀሪካኖች አሳዩኝ።

"አዲስ ዘይት ይህ ብቻ ነው። ለአንድ ሙሌት ይበቃል። ሌላ ከተማው ውስጥ የለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዝናቡ ይቀድመናል።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው መሳሳት የሚፈቀድልኝ ማለት ነው" አልኳቸው።

"አንድ ጊዜም አይፈቀድልህም" አሉኝ።

ኢታንግ መንገድ

በሐጂ ፒካፕ ስንደርስ ሎደሯን ያገኘኋት አካፋዋን ከሰው ራስ በላይ ሰቅላ ነው። ከአካፋዋ እስከ መሬት በገመድ የተወጠረ ሸራ አለ፤ በሸራው ሥር ምድጃ፣ ብርጭቆ፣ አግዳሚ ወንበር። ሰው ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። በዚያ ሙቀት ጥላ ያለው ቦታ ባዶ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ግን ያለ ድጋፍ ከተሰቀለ ብረት ሥር አይቀመጥም።

ሻይ የምትሸጠው አሪያት ትባላለች። የሎደሯ ሹፌር ኦሞድ ወንድሟ ነው። ቤታቸው ከቦዩ አፍ ላይ ናት፤ እናታቸው መራመድ አይችሉም። ያለፈው ክረምት ውሃው ቤት ሲገባ ጎረቤት ተጠርቶ እናትየዋን ከነአልጋቸው ተሸክሞ አውጥቷቸዋል። ይህን የነገረችኝ ሻይ እየቀዳች ነው።

"ዘንድሮ አልጋውን የሚሸከም ሰው የለም" አለች። "ወጣቶቹ ለሥራ ወጥተዋል።"

"እሺ፣ መጀመሪያ ከዚህ ሥር እንውጣ" አልኳት።

"ቆይ ገመዱን ላጥብቅ። በየቀኑ ይረግባል፤ በየቀኑ አሳጥረዋለሁ።"

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ገመድ ዝም ብሎ በየቀኑ አይረግብም። የሲሊንደሩ ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱ በውስጥ እያለፈ ነው፤ ያ ሁሉ ብረት በሻይ ጠጪዎቹ ራስ ላይ ትንሽ በትንሽ እየወረደ ነበር። ሁሉንም አስነሳሁ። አንድ ሽማግሌ ሻዬን ሳልጨርስ አልነሳም ቢሉ ወንበሩን ከነእሳቸው ጎተትነው።

እጇን ማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከሁለቱም ክንዶች ሥር ጣውላ ደራርበን በክሪክ ደገፍን፤ ከዚያ የቱቦውን ማሠሪያ በጥቂቱ አላላሁ። ዘይቱ ፉጨት እያሰማ ወጣ። ክንዱ ጣውላው ላይ ዱብ ሲል ምድሩ ነቀነቀኝ። አንድ ጣውላ እየቀነስን፣ ትንሽ እያላላሁ፣ እየተሳቀቅን አወረድናት።

በሳፋ የተቀበልነው ዘይት ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ውሃ ገብቶበታል። የዘይት ጋኗ ክዳን ጠፍቶ በምትኩ ፌስታል በከመነዳሪ ላስቲክ ታስሯል።

"ውሃ ከየት መጣ?" አልኩት ኦሞድን።

"ውሃ የለም" አለ። "ንጹሕ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሮ ወስጄ አጥባታለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቆሽሻ እንድትቆም አልፈልግም።"

አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የተናገረው። እኔም ደክሞኝ ነበርና "በቃ፣ መነሻው እሱ ነው" ብዬ አለፍኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልነገርኩትም።

እስከ ማግስቱ ረፋድ ቱቦውን፣ ጋኗን፣ ሲሊንደሮቹን ፈትተን በአሪያት ሸራ ላይ ደረደርን። የማጠቢያ ናፍታ ለመፈለግ ስነሳ ኦሞድን "እነዚህን በደንብ አጽዳቸው፣ አሸዋ አይንካቸው" አልኩት።

ናፍታ ይዤ ስመለስ ሸራው ባዶ ነው። ኦሞድ ከወንዙ በኩል ቱቦዎቹን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ጋኗን በጋሪ እያስገፋ መጣ። ብረቱ ያበራል። የልብስ ሳሙና ይሸታል።

"አሁን ንጹሕ ናቸው፣ ጋሽ ደረጄ" አለኝ።

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ጮህኩበት። ሰው ተሰበሰበ። ኦሞድ ቱቦዎቹን እንደያዘ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

አሪያት ምድጃዋን እያራገበች፣ ቀና ሳትል "ጋሼ፣ ዘይትና ውሃ እንደማይስማማ ነግረኸው ነበር?" አለችኝ።

አልነገርኩትም ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ። አንድ ብርጭቆ ከእሷ ተቀብዬ አሮጌ ዘይት ቀዳሁ፣ ጥቂት ውሃ ጨመርኩበት፣ በማንኪያ መታሁት። ሲነጣ ኦሞድ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ዘይቱ ብረትና ብረት እንዳይፋጩ ያደርጋል። ውሃ ሲገባበት አቅም ያጣል፣ ብረቱም ይዝጋል" አልኩት። "እናትህ ቤት የሚገባው ውሃ እዚህም ውስጥ ገብቷል።"

"ታዲያ ሎደሯን የገደልኳት እኔ ነኝ" አለ።

"ገና አልሞተችም። ናፍታውን አምጣ።"

ከዚያ ወዲያ እሱን የሚያህል ሠራተኛ አላየሁም። የቱቦዎቹን ውስጥ በናፍታ ደጋግመን አጠብን፣ ፀሐይ ላይ ቁልቁል ሰቀልን። ናፍታ ያልነካቸውን ብረቶች አሪያት ራቅ ባለው ምድጃዋ ሙቀት አደረቀችልን። እየደረቀ ሳለ ነፋስ ተነሳ፤ አቧራ እንዳይገባ ሁሉንም በሸራው ጠቅልለን እላዩ ላይ ተኛንበት። ሽማግሌው መጥተው ከእኛ ጋር ተኙ። ጎሚኒዎቹን ለወጥኩ፤ ለጋኗ ኢታንግ ገበያ ልኩ የሆነ ክዳን በመከራ ተገኘ። አዲሱን ዘይት ያፈሰስነው በአሪያት አዲስ የሻይ ማጥለያ ጨርቅ ነው፤ ጠብታ ሲደፋ ሁላችንም እናያለን።

ሞተሩ ተነሳ። እጇ ከፍ ሲል ተንገጫገጨ፣ ቆመ። ኦሞድ አየኝ። "ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነው፣ ዝቅ ከፍ አድርጋት" አልኩት፤ አየር ይሁን ሌላ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ሲያደርጋት መንገጫገጩ እየለዘበ ሄደ። አካፋዋን አሰቅዬ ሞተሩን አስጠፋሁና የአሪያትን ገመድ ከአካፋዋ እስከ ችካሉ ወጠርኩት። ከሥሯ ማንም እንዳይደርስ ከልክለን ተቀመጥን። አሪያት ሻይ አፍልታ አደለችን። ገመዱን እያየን ጠጣን። ደመናው ሲቀርብ ተነስታ ገመዱን በጣቷ ነካችው።

"አልረገበም" አለች።

ኦሞድ ያን ጊዜ ዘሎ ገባ። ቦዩን ሲጠርግ እኔ ከኋላ ዘይት የሚንጠባጠብ እንደሆነ እያየሁ ሮጥኩ፤ ሰፈሩ በአካፋና በእጁ ተከተለው። የመጨረሻውን ደለል ከቦዩ አፍ ሲያወጣ ዝናቡ ጀመረ። ውሃው እየተንከባለለ መጣ፣ የእነ አሪያት ቤት አጠገብ ደረሰ፣ አልፎ ወደ ባሮ ወረደ። አሪያት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላየኝም።

ጅማ፣ ቤቴ

ስመለስ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር አንድ ነው፦ "አጽዳ" ብዬ ስሄድ ያዘዝኩ እንጂ ያስተማርኩ አልነበርኩም። አሁን ጋራዤ ውስጥ ለምን እንደሆነ ሳልናገር ቁልፍ አላቀብልም። ሠራተኞቼ ወሬ አበዛህ ይሉኛል፤ ይበሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ ኦሞድ ነው። ከኋላው ከባድ ዝናብ ይሰማል።

"ጋሽ ደረጄ፣ ዛሬ አላጠብኳትም። በደረቅ ጨርቅ ጠረግኋት፤ ክዳኗን አጠበቅሁ።"

"እናትህስ?" አልኩት።

"ተኝታለች" አለኝ። "አልጋዋ እንዳለ ነው።"