ሰባት ሴኮንድ ከሴፒያው ፊት

ከኮኪት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ ነው። መተማ ዮሐንስ ስንደርስ ነጠላዬ በላብ ርሶ ነበር። ከድንበር ማዶ ገላባትን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን ተሻግሬ ያን ሙቀት እንደምናፍቀው ማን ነገረኝ? እዚህ ጣሊያን ፀሐይዋም ኮስታራ ናት።

ኮኪት ሳለሁ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የወባ ደም በማይክሮስኮፕ አይ ነበር። በዚያ ሙያ እዚህ አንድ የምርምር ቤት ቀጠረኝ፤ ሥራዬ የሴፒያ አንጎል ማውጣት ነው። ሴፒያ ማለት ክንዶቹ አፉ ዙሪያ የበቀሉ፣ ቀለም የሚረጭ የባሕር ፍጥረት ነው። አከራዬ በዚያ ጥቁር ቀለም መኮሮኒ ለውሳ ትበላለች፤ ስሸሽ ትስቅብኛለች። አንጎሉ ጉሮሮውን እንደ ቀለበት ከቦታል፤ የዋጠው ሁሉ በአንጎሉ መሐል ያልፋል። ከየዓይኑ ጀርባ ባቄላ የመሰለ ጉብታ አለ፤ የምናወጣው በተለይ እሱን ነው። ነርቩ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ሲለቅ ቆዳው ይጠቁራል፣ ሴሮቶኒን ሲለቅ ይገረጣል። ፈጣሪ ሦስት ልብ ሰጥቶታል።

አለቃዬን ዶቶሬሳ እንላታለን፤ በጣሊያንኛ ዶክተር ማለት ነው። ባለፈው ሰኞ ሰዓት ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«ቢላውን ይዘሽ ምን ታንሾካሹኪያለሽ?»

«በስመ አብ ነው። በእኛ አገር ይህን ሳይሉ አይታረድም።»

«ሰባት ሴኮንድ ፈጀ። የአንጎሉ ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊን፣ በሴኮንዶች ይፈርሳል። አንጎሉ ወዲያው ካልቀዘቀዘ የምለካው ያንቺን ጸሎት ነው።»

«በልቤ ብለውስ?»

«በልብሽም ስትይው እጅሽ ይቆማል፣ አይቻለሁ። ለመኖሪያ ፈቃድሽ የሚሆነውን ደብዳቤ የምፈርመው አርብ ነው። እስከዚያ እጅሽ ሲፈጥን ልየው።»

ያጽናኑኝ ብዬ ኮኪት ላሉት የነፍስ አባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ትበይዋለሽ ልጄ?»

«ኧረ አባቴ፣ ቅርፊት የሌለውን?»

«ለማይበላ ርኩስ ምን ቡራኬ አለው? ስሙን አታንሺበት።»

ዶቶሬሳና አባ ሳይተዋወቁ ተስማሙብኝ።

«እያየኝ እኮ ነው አባቴ። በመድኃኒት ደንዝዞ እንኳ ዓይኑ አይከደንም።»

«እንግዲያ በጨርቅ ሸፍኝለት።»

«አይፈቅዱም። ሲጨልምበት የአንጎሉ ኬሚካል ይለወጣል ይላሉ።»

በስልኩ ውስጥ ትራክተር ሲያልፍ ይሰማኛል።

«እንግዲያ ነይ» አሉኝ።

«መጥቼ ምን ልሥራ? ክሊኒኩ ተዘግቷል አላሉኝም?»

«ተዘግቷል» አሉ።

ነገ አርብ ነው። ጠዋት ስድስት ሴፒያ ይጠብቀኛል። እጄ ይቆም እንደሁ አላውቅም።