ኮራሉን በጉሮሮዋ የጠበቀችው ኡናይሲ

ኡናይሲ ሙሽራ ሆና ወደ መንደራችን የመጣች ዕለት፣ ጀልባዋ ገና ባሕሩ መሀል ሳለች ድምፅዋ ቀድሟት ደረሰ። አማቷ ምንጣፍ ዘርግታ ስትጠብቅ የሚሰማው ስድብ መሆኑ ሲገባት፣ «ይቺ ናት በሉኛ» ብላ እዚያው ቁጭ አለች ይባላል። የሚሰደቡት ደግሞ ሊቀበሏት ባሕሩ ዳር የቆሙት አለቃችን ራቱ ኦሴያ ነበሩ። ቦርጫቸው ከሩቅ ሲታይ ሌላ ደሴት ስለመሰላት፣ ቀዛፊዎቹን መንገድ ስታችኋል ወይ ብላ ስትጠይቅ ነበር።

ማንም አልተቆጣም። የሷ መንደርና የኛ መንደር ጥንት አንድ መንፈስ ያመልኩ ነበር ስለሚባል፣ ሰዎቻቸው እንዳሻቸው ይሰዳደባሉ፣ አንዱ የሌላውን ዶሮ ሳያስፈቅድ አርዶ መብላት ይችላል። ነውረኛ የሚባለው የሚቆጣው ነው። አለቃም ቢሆን መሳቅ ግዴታው ነው። ራቱ ኦሴያም ሳቁ፤ አሳሳቃቸው ግን ኮምጣጣ ነበር።

እኔ የባሏ የአፓኩኪ ወንድም የሴሩ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከቤታቸው ስለሚጎራበት የምንነቃው በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይሆን በሷ ነበር። ፓስተሩ መጀመሪያ ከመዘምራኑ ፊት አቆማት፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ አዛወራት፤ በመጨረሻ ውጪ በመስኮቱ በኩል ብትዘምሪስ ብሎ በትሕትና ለመናት። አልከፋትም። ማንጎ ጥላ ሥር ሆና እየዘመረች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ማን አርፍዶ እንደሚመጣ ትለይ ጀመር።

ኮራሉ፣ ባሕሩ ውስጥ የበቀለው ሕያው የድንጋይ አጥር፣ ከግቢዋ ፊት ለፊት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ በእግራቸው እየሄዱበት ኦክቶፐስና ዛጎል ይለቅማሉ፤ ከአያት ቅድመ አያት እንደዚያ ነው። አንድ ዓመት የአየር ጋን በጀርባው ያዘለ ፈረንጅ መጥቶ ጠለቀና ወጣ፤ አዲስ ኮራል አገኘሁ አለ፤ በሚስቱም ስም ሰየመው። ይህን ሲያውጅ የኛ ሴቶች እዚያው ኮራል ላይ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር። ኡናይሲ ክንዷ ላይ የተጠመጠመውን ኦክቶፐስ ወደ ፈረንጁ ዘርግታ፣ ሚስትህ እንደዚህ ትጣበቃለች ወይ ብላ ጠየቀችው። አስተርጓሚው አልተረጎመም።

ከፈረንጁ በኋላ ድማሚት መጣ። ከመንገድ ሥራ የተሰረቀ ነበር። አባቴ ሴሩ በአንዱ ፍንዳታ ጀልባ ሙሉ ዓሣ ሰበሰበ፤ በሌላው ሦስት ጣቶቹን ባሕር ውስጥ ጥሎ መጣ። ኡናይሲ ቁስሉን እስኪድን ድረስ በየቀኑ አጠበችለት። ሲድን ደግሞ በመንደሩ ስብሰባ እጁን ባወጣ ቁጥር ግማሽ ድምፅ ነው የሚቆጠርለት እያለች ታስቅበት ነበር።

ድማሚቱ የሰባበረው ኮራል ዓሣ ማኖር አቃተው። ባሕር ደጃችን ላይ እያለ ከሱቅ የቆርቆሮ ዓሣ ገዝተን መብላት ጀመርን። ይህ ለደሴት ሰው ራቁቱን ከመሄድ አይሻልም። በመጨረሻ ራቱ ኦሴያ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ የሚያደነዝዘው የያንጎና መጠጥ ጽዋ ከዞረ በኋላ ኮራሉ ለአምስት ዓመት ተዘግቷል አሉ። የኮኮናት ቅጠል የታሰረባቸው እንጨቶች የክልከላ ምልክት ሆነው ውሃው ውስጥ ተተከሉ። ሞተር ጀልባ ያላቸው ጎረምሶችም ጠባቂ ተደርገው ተሾሙ። ጎረምሶቹ ነዳጁን ጎረቤት መንደር ያሉትን ልጃገረዶች ለመጎብኘት ጨረሱት፤ ከዚያ በኋላ ያንጎና እየጠጡ ጀልባዋ ውስጥ መተኛት ሥራቸው ሆነ።

ጥበቃው ወደ ኡናይሲ የዞረው ማንም ሳይሾማት ነው። አንድ ጠዋት ግቢዋን ስትጠርግ አንድ ሰው በተከለከለው ውሃ ውስጥ መረብ ሲጥል አየች። ሰውዬው አባቴ ነበር።

«ሴሩ» አለች፣ ከመንደሩ ጀርባ ያሉት ሰባቱም ኮረብታዎች እስኪሰሙ። «የቀሩህ ጣቶች በዙብህ ወይ?»

ሕዝቡ ወደ ካሳቫ ማሳው የሚወጣበት ሰዓት ስለነበር ያልሰማ አልነበረም። አባቴ ባዶ መረቡን ጠቅልሎ ተመለሰና ለቀናት ከቤት አልወጣም። ከሱ በኋላ የመጡትንም በየስማቸው ጠራቻቸው። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ ማን በስብከት መሀል እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ለሚስቱ ማሳ ሄድኩ ብሎ የት እንደዋለ አብራ ትዘረዝር ነበር። ሰው ከቅጣት ይልቅ ያንን ዝርዝር ፈራ። ዓሣው መመለስ ጀመረ።

በሦስተኛው ዓመት የወረዳው ፓስተሮች ሁሉ ለጉባኤ እኛ ዘንድ እንዲመጡ ተወሰነ። አለቃ እንግዳውን በቆርቆሮ ዓሣ አይቀበልም። ሌላ ሰው ልከው ሕግ አስጣሱ እንዳይባሉ፣ ራቱ ኦሴያ ገና ጎህ ሲቀድ ታንኳቸውን ራሳቸው ወደ ተዘጋው ኮራል ቀዘፉ። ኡናይሲ መጥረጊያዋን እንደያዘች አየቻቸው። አፓኩኪም አይቶ ኖሮ ሮጦ መጥቶ ክንዷን ያዛት።

«ተይ ኡናይሲ፤ አለቃ ናቸው።»

«አውቃለሁ። ቦርጫቸውን አየሁት።»

«ሌላ ቀን ስደቢያቸው። ዛሬ ዝም በይ።»

«ዛሬ ዝም ካልኩ ነገ በማን ላይ አፌን እከፍታለሁ? በወንድምህ ላይ? ሴሩ ሰው አይደለም?»

ክንዷን ለቀቃት። እሷም ራቱ የሚለው ማዕረግ የለ፣ አንቱ የለ፣ «ኦሴያ» ብላ ጮኸች። «ኦሴያ፣ ያንን ዓሣ ተውልኝ። አንተ በቅተሃል፤ እሱ ገና አላደገም።»

መንደሩ ባሕር ዳር ወጣ። አለቃው ዓሣውን በእጃቸው እንዳንጠለጠሉ ታንኳው ላይ ቆመው ቀሩ። ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሳቅ ነበረባቸው። ይሄ ግን እውነት ነበር፤ ለእውነት ደግሞ ልማዳችን ምን እንደሚያዝ የሚያውቅ አልተገኘም። ሁላችንም መሬት መሬት እናይ ጀመር።

ራቱ ኦሴያ ወደ ቤታቸው አልቀዘፉም፤ በቀጥታ ወደ ኡናይሲ ግቢ መጡ። አለቃው ዓሣውን እግሯ ሥር አስቀምጠው አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«መንደሩ በሙሉ ሰማሽ» አሏት።

«በመንደሩ ከቀረልህ ዕድለኛ ነህ።»

«እንግዶቹን ምን ላብላቸው ታዲያ?»

«የቆርቆሮ ዓሣ። እኛ የምንበላውን።»

የአለቃው ትከሻ መነቃነቅ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎን ነበር። ለካ እየሳቁ ነበር። ቦርጫቸው እስኪያማቸው ሳቁ፤ የዚያን ቀኑ ሳቅ ኮምጣጣ አልነበረም። የሞተውን ዓሣ ኡናይሲ ሰው እንዳይቀምሰው ብላ ለኛ አሳማ ሰጠችው፤ አሳማው ከዚያ ወዲያ ካሳቫ አልበላም ብሎ አስቸገረን።

ፓስተሮቹ በኮኮናት ወተት የተሠራ የቆርቆሮ ዓሣ በሉ። ራቱ ኦሴያ ተነሥተው ምክንያቱን ምንም ሳይደብቁ ነገሯቸው። አንዳንዶቹ ቅር አላቸው፤ የሁሉም የበላይ የሆኑት ሽማግሌ ግን ድገሙኝ አሉ። አምስት ዓመቱ ሲሞላ ኮራሉ ግማሹ ተከፈተ፤ ግማሹ በአለቃው ትእዛዝ ለዘለቄታው ተዘጋ።

ከዚያ ሙቀት መጣ። ባሕሩ ለሳምንታት እንደ ገላ መታጠቢያ ውሃ ሞቀና ኮራሉ እየሞተ ነጣ። ኡናይሲ በየጠዋቱ ግቢዋ ዳር ትቆማለች፤ የምትጮህበት ሰው ግን የለም። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ሩቅ አገር ያሉ ፋብሪካዎችና መኪናዎች ናቸው ይላሉ አልኳት። ስማቸውን ንገረኝ አለች። አላውቅም ስላት ዝም አለች፤ እሷ ዝም ስትል መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ የመጥለቂያ መነጽሬን ጠየቀችኝ። ዕድሜዋን በሙሉ ኮራሉን በእግሯ ረግጣዋለች እንጂ ፊቷን ውሃ ውስጥ ነክራ አይታው አታውቅም። ከነቀሚሷ ገባች፤ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ውሃ ውስጥም ማውራቷን አላቆመችም፤ በመተንፈሻው ቱቦ የሚወጣው ድምፅ ጆንያ ውስጥ የገባ አሳማ ይመስል ነበር። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ስትወጣ መነጽሩ ውስጥ ያለው ውሃ የባሕር አልነበረም።

«አጥንት ነው» አለችኝ። «ሁሉም አጥንት ነው።»

ቢሆንም በማግስቱ ተመለሰች፤ በሌላውም ቀን። ሁለት የዝናብ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ውሃው ጠለቅ በሚልበት በኩል የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል አዲስ የበቀለች ሐምራዊ ኮራል አገኘች። አልጮኸችም፤ በየቤቱ እየዞረች ቀስ ብላ ነገረች። ኮራል የሚበላው ዓሣ የሚጥለው ኩስ አሸዋ እንደሚሆንም በዓይኗ አየች። ከዚያ ወዲህ ነጩ አሸዋችን ላይ የሚንከባለሉ አዲስ ተጋቢ ቱሪስቶችን በሙሉ ምን ላይ እንደተኙ ሳትነግር አታልፍም።

አሁን ዳሌዋን ያማታል፤ ባሕር ግን አልተወችም። ቅዳሜ ቅዳሜ የመንደሩን አሮጊቶች የመጥለቂያ መነጽር አስደርጋ ባሕር ታስገባለች። ባለፈው ቅዳሜ በነገር አስጨንቃ አዲሱን ፓስተር ጭምር አስገባችው። ሰማያዊ የኮከብ ዓሣ አይቶ በመገረም አፉን ሲከፍት ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወደቀበት። እስካሁን እየፈለግንለት ነው።