ዛሪፓ ያየችው ፊት

ኑርዛት የመንደሩን የባህል ቤት ቁልፍ ስትረከብ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። ባሏ ልጅ አልወለደችልኝም ብሎ ወደ እናቷ ቤት መልሷት፣ ሰው ፊት መውጣት አስጠልቷት ሳለ ነው ዳይሬክተሩ ጃፓር የመጻሕፍቱን ክፍል እንድትጠብቅ የቀጠራት። ደመወዙ ለከሰል እንኳ አይበቃም፤ ግን ከቤት ያስወጣል። በዚያው ዓመት ከውጭ አገር ሰዎች አንድ ፕሮጀክተር በስጦታ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ መመሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ሜኑው ሲከፈት ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው። ጃፓር ሪሞቱን አገላብጦ አየውና፣ «ይህን የሚያነብ ሰው በናሪን ተራሮች መካከል አልተፈጠረም። ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው» አላት።

አላስቀመጠችውም። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ፣ አዳራሹ ውስጥ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣ ሪሞቱን ስትነካካ ከረመች። አንዱን መስመር ስትነካ ምስሉ ይጣመማል፣ ሌላውን ስትነካ ሰዉ ሁሉ ይቀላል። ያጣመመችውን እያቃናች፣ ያቀላችውን እያደበዘዘች፣ የቋንቋውን መስመር በመጨረሻ አገኘችውና ሜኑውን ወደ ሩስኛ መለሰችው። ከዚያ በኋላ የትኛው መስመር ድምቀት፣ የትኛው የቀለም ሙቀት፣ የትኛው የተጣመመ ማዕዘን ማስተካከያ እንደሆነ ዓይኗን ጨፍና ታውቀው ጀመር።

የሠርግ ፊልም፣ የትምህርት ቤት በዓል፣ የምርጫ ስብሰባ፣ ሁሉም በእሷ እጅ አለፈ። አንድ ጊዜ በጨለማ የርት ድንኳን ውስጥ የተቀረጸ የሙሽራ አቀባበል መጣላት። በስልክ ሲያዩት ጥላ ብቻ ነበር። እሷ ድምቀቱን ጨምራ፣ ጥቁሩን አሳስታ፣ የሙሽራዋን የጆሮ ጌጥ ሳይቀር አሳየች። ሴቶቹ ጉድ አሉ። «ኑርዛት እኮ ከከሰል ጆንያ ውስጥ ጥቁር ድመት ታወጣለች!» የሚለው ቀልድ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የወጣላት። ስትሰማው ትስቃለች፤ ደስም ይላታል። ሰው እሷን የሚያመሰግንበት ሌላ ምንም ነገር አልነበራትማ።

የዚያው መንደር ሰው የሆነችው የዛሪፓ ልጅ ኡላርቤክ እንደ እኩዮቹ ሁሉ ሩሲያ ሄዶ በግንባታ ሥራ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት ከከፍታ ላይ ወደቀ ተባለ። ሬሳው የመጣው በታሸገ የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ አብሮ የመጣው ወረቀት አይከፈት ይላል። ዛሪፓ ሣጥኑ ላይ ተደፍታ፣ «ክፈቱልኝ! ግንባሩን ብቻ ልየው!» ብላ ለመነች። ሽማግሌዎቹ አይሆንም አሉ። የመስጊዱ መሪ ሞልዶውም አይሆንም አለ። ክንዷን ይዞ ከሣጥኑ ላይ ያነሳት ግን የገዛ ባሏ ኤሴንቤክ ነበር። ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ እሷ አብራ አላወረደችም። ከቀብር በኋላ ለሚያጽናናት ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማንን እንደቀበርኩ አላውቅም።»

በልግ ሲገባ ከኡላርቤክ ጋር አንድ ክፍል ይኖር የነበረ ጓደኛው ከሟቹ ስልክ ያገኘውን ቪዲዮ ላከላት። ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ለእናቱ የቀረጸው፣ ሳይልከው የቀረ ነው። ዛሪፓ ስልኳን በሻርፕ ጠቅልላ የባህል ቤቱን በር አንኳኳች።

ኑርዛት እንደ ታላቅ እህቷ «ኤጄ» ነበር የምትላት፤ ባሏን ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድም «አኬ»። ወንበር ሰጠቻት፤ ቪዲዮውን ከፈተችው። ጥቁር ነው። በጥቁሩ ውስጥ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«አየሽ፣ ሁሉም ጨለማ ነው ይሉኛል» አለች ዛሪፓ። «ጨለማ ቢሆንስ? ልጄ እዚያው ተቀምጦ አይደል እንዴ የሚያወራው! ከጨለማው ጀርባ አለ። የማውጣቱን ዘዴ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ኑርዛት ስልኩን ወደ መስኮቱ አዘንብላ አየችው። የሠርጉ ፊልም ጨለማ ቢሆንም የሆነ ነገር ይዞ ነበር፤ ይህኛው ምንም አልያዘም። ያልተያዘን ነገር ማንም አያወጣውም፤ ይህን ታውቃለች። «ኤጄ፣ ይሄ እኮ…» ብላ ጀመረች። ዛሪፓ ግን ሰው ተራራ ላይ ሆኖ የጠፋ ፈረሱን እንደሚፈልግ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች።

«ነገ ከቀትር በኋላ ይምጡ» አለቻት። «ይወጣል።»

በማግስቱ ዛሪፓ ንጹሕ ሻርፕ አስራ፣ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ቦርሶክ በሳህን ይዛ መጣች። እንግዳ ልትቀበል የተዘጋጀች ነው የምትመስለው። ኑርዛት መጋረጃዎቹን ዘጋግታ ቪዲዮውን ለቀቀችው። ሸራው ጨለመ፤ ከትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች የኡላርቤክ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«አፓ፣ እናቴ፣ መብራት ጠፍቶብናል። ፊቴ አይታይሽም መሰለኝ፤ ምንም አይደል፣ እንዲሁ ላውራሽ ብዬ ነው። ካልሲዎቹ ደርሰውኛል። አባቴን ጉልበቱን ያሙቅ በይልኝ፣ አደራ። ነገ በብርሃን እደውልልሻለሁ።»

«አቤት ልጄ፣ አቤት» አለች ዛሪፓ፤ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ኑርዛት ሜኑውን ከፈተች። ድምቀቱን ጨመረች፤ ጥቁሩ አመድ ሆነ። ንፅፅሩን ቀነሰች፤ አመዱ ጉም ሆነ። «ሲኒማ» ከሚለው ወደ «ደማቅ» አዛወረችው፣ ኃይል ቆጣቢውን አሠራር አጥፍታ አምፖሉን በሙሉ ኃይሉ ለቀቀችው። በጉሙ መካከል የሜኑው ፊደላት ብቻ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ሌላው እንደ ጎርፍ ውኃ ይተራመሳል። ቪዲዮው ባለቀ ቁጥር እንደገና ታስጀምረዋለች፤ ልጁም እንደገና መብራት ጠፍቶብናል ይላል። ብብቷ ድረስ አላባት።

የጥቁሩን ጥልቀት እስከ መጨረሻው ስታሳሳው፣ በሸራው ግራ በኩል ከሌላው ነጣ ያለ፣ ረዘም ያለ ነገር ብቅ አለ።

«ይኸው!» ዛሪፓ ጮኸች። «ይኸው ግንባሩ! ይኸው አገጩ! አላልኩሽም?»

ወደ ሸራው ስትጠጋ ጥላዋ ሸፈነው። ፈንጠር ብላ ቆመችና ጨርቁን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ከስተሃል እኮ ልጄ» አለችው። «ምነው እንዲህ ከሳህብኝ?»

ኑርዛት ትኩር ብላ አየች። ድምፁ ሲስቅ ያ ነጭ ነገር አይነቃነቅም። ሲያስልም አይነቃነቅም። ከአናቱ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች፤ የሚስማር ራስ ናት። ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ፎጣ ነበር። አፏን ከፈተች። ዛሪፓ በዚያው ቅጽበት ዞር ብላ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የሕፃን እናት ያድርግሽ!» አለቻት። ኑርዛት አፏን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ዛሪፓ በየገበያው ቀን ትመጣ ጀመር። አንድ ቀን ቅቤ፣ አንድ ቀን የደረቀ እርጎ ይዛ ትመጣለች፤ ፊት ለፊት ተቀምጣ የላሟን መውለድ፣ የጎረቤቱን ጠብ ትነግረዋለች። ስትወጣ ሸራውን ትስመዋለች። ምግብ መብላት ጀመረች። እንቅልፍ ወሰደኝ አለች። መንደርተኛው ኑርዛትን መንገድ ላይ አቁሞ ይመርቃታል። እሷም፣ እንቅልፍ የሰጠ ውሸት ማንን ይጎዳል፣ እያለች ራሷን ታባብላለች።

ዛሪፓ ግን ግንባር ብቻ አልበቃትም። «ትንሽ ጨምሪበት፣ አንጀቴ» ትላለች። «ዓይኑን እንኳ። ዓይኑን ካየሁ ሌላ አልልሽም።» ኑርዛት አንድ ነጥብ ትጨምራለች፣ ሌላ ትቀንሳለች፣ የቀለሙን ሙቀት ትቀይራለች። ዓይን ከየት ይምጣ! ማታ ቤቷ ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ምድጃው አጠገብ ትቀመጣለች። እናቷ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት «ብርድ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ዛሪፓ ባሏን ይዛ መጣች። ኤሴንቤክ ዕድሜውን በግ ሲጠብቅ የኖረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱ እጁን ጎትታ ከፊት አስቀመጠችው።

«የከለከልከኝን ፊት ና ላሳይህ» አለችው። «ከሣጥኑ ላይ የጎተትከኝ ሰውዬ፣ አሁን እይ!»

ኑርዛት ሪሞቱን ይዛ ቆመች። አልሠራም ብትል፣ አምፖሉ ተቃጥሏል ብትል ይቻል ነበር። እጇ ግን ለምዶታል፤ ዛሪፓ እንዳዘዘቻት ድምፁን ዘግታ ተጫነችው። ነጩ ነገር ብቅ አለ።

ኤሴንቤክ ዓይኑን አጥብቦ አየ። የሩቅ በግ ከድንጋይ ለይቶ የኖረ ዓይን ነው። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ፎጣ ነው፣ ዛሪፓ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ፎጣ። ከሚስማር ላይ የተሰቀለ። ተመልከቺ፣ ጠርዙ ላይ መስመር አለው።»

«ዓይንህ ይጥፋ! የወለድከውን ልጅ ፎጣ ትለዋለህ?»

«እኔን አትመኚ» አለ ኤሴንቤክ። «ኑርዛትን ጠይቂያት።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ኤሴንቤክ አኬ እውነታቸውን ነው» አለች ኑርዛት። «ፎጣ ነው፣ ኤጄ።»

ዛሪፓ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለቻት።

«በመጀመሪያው ቀን።»

«በመጀመሪያው ቀን» ብላ ደገመችው። «እንግዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፎጣ ስስም ነበር። አንቺም ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

«ደስ ሲልዎት አይቼ…»

«ደስ ሲለኝ!» ዛሪፓ ሻርፗን አጥብቃ አሰረች። «አንድ ጊዜ ሞተብኝ፣ ቻልኩት። አሁን ማን ሞተ ልበል? ወደ ነበረበት መልሺው። እንደ መጀመሪያው አድርጊው።»

ኑርዛት የነካካችውን ሁሉ የሚሰርዘውን መስመር ተጫነች። ሜኑው ተመልሶ ቻይንኛ ሆነ፤ ሸራው ጠቆረ። የተዘጋው ድምፅም ተመለሰ፤ በጥቁሩ ውስጥ ልጁ አሁንም ያወራል። «አባቴን ጉልበቱን ያሙቅ በይልኝ፣ አደራ።» ኤሴንቤክ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ዛሪፓ ተቀይማው አላሰማችውም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ አጎነበሰ፤ ነጭ የሱፍ ባርኔጣው ወለሉ ላይ ወደቀ። ሚስቱ አላነሳችለትም። ብቻዋን ወጣች።

ኑርዛት ቀናት ሰንብታ ይቅርታ ልትጠይቅ ዳቦ ይዛ ቤታቸው ሄደች። ዛሪፓ በክብር ተቀበለቻት፤ ከላይ አስቀመጠቻት፣ ፍራሽ አነጠፈችላት። ሻይ ቀዳችላት። በእኛ በናሪን አገር የተወደደ እንግዳ ስኒው በግማሽ ይቀዳለታል፤ እየተነሱ እንዲጨምሩለት፣ ቆይቶም እንዲጫወት። ዛሪፓ የቀዳችው እስከ አፉ ነበር፣ ትንሽ ቢነኩት የሚፈስ። ኑርዛት ሻዩን ዓይኗ እያየው ከንፈሯን እየፈጃት ጠጣችው፤ ተነሳች። ለይቅርታ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ እንዳለ ይዛው ወጣች።

ዛሪፓ ከዚያ ወዲህ የልጇን ድምፅ እንኳ መስማት ተወች። ስልኩን የልብስ ሣጥን ውስጥ ከታች ቀበረችው አሉ። ቤት የሄዱ ሴቶች፣ «ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ግን ሰው ፊት ማየት ጠልታለች፤ ወለል ወለሉን እያየች ነው የምታናግረን» ይላሉ። የልጁ ሙት ዓመት ሲደርስ እንደ አገሩ ልማድ ፈረስ ታረደ፣ አገሩ ሁሉ ተጠራ፤ ኑርዛትም ጓሮ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች። ማንም ክፉ አልተናገራት። ፎቶዎቹን በትልቁ ሸራ እናሳይ ያለም አልነበረም።

ሪሞቱን ለጃፓር መለሰችለት። «ዓይኔ ደክሟል» አለችው። ጃፓር ሳቀባት፤ «ምን ዓይን ያስፈልግሻል፣ ጨፍነሽ አይደል የምትሠሪው?» እሷ አልሳቀችም።

በበጋው የጃፓር የወንድም ልጅ ተዳረች። ፕሮጀክተሩን የነካው ጃፓር ራሱ ነው፤ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ሙሽራዋ እንደ ሣር አረንጓዴ ሆና ወጣች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ኑርዛት፣ ተነሺ! ሙሽራችንን በጎች ሳይግጧት አስተካክያት!» እያሉ ከየጠረጴዛው ጮኹ።

ኑርዛት ከኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። የትኛው መስመር እንደሆነ ታውቃለች፤ ሦስት ጊዜ መጫን ነው የሚፈጀው። እጆቿን ጭኖቿ መካከል አድርጋ አጥብቃ ያዘቻቸው። ጃፓር ሲነካካ ቆይቶ ጭራሹን አጠፋው። ሰዉም ረሳውና ወደ ሥጋው ዞረ።