ፑአራይ ለማሩሂ ያሰረችው ሸክም

እህቴ ፑአራይ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሩጫ የጀመረችው ለጤናዋ ብላ አይደለም። ማሩሂን ለማዋረድ ነው። ሌላ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት፤ እኔ አብሬያት ነበርኩ።

ማሩሂ ባሏ ነበር። በደሴታችን በራያቴያ በየሐምሌው በዓል፣ ፍሬ የታሰረበት እንጨት በትከሻው ተሸክሞ በባዶ እግሩ እየሮጠ አሥራ አንድ ጊዜ አንደኛ ወጥቷል። ኋላ አንዲት የሆቴል አስተናጋጅ ወደደ። ልብሱን ሰብስቦ ሲወጣ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ "የራስሽን ገላ እንኳ መሸከም ያቃተሽ ሴትዮ" አላት። ፑአራይ አላለቀሰችም።

"በሚመጣው ሐምሌ እሮጣለሁ" አለችኝ። "ከፊቱ።"

በእኛ መንደር ሴትም ወንድም አብሮ ነው የሚሮጠው፤ ሸክሙም ለሁሉም እኩል ሃያ ኪሎ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ኮረብታውን ስትሮጥ ከረመች። እኔ በሞተር ሳይክል እየተከተልኩ "ማሩሂ እየሳቀብሽ ነው" ስላት ትፈጥናለች። ሳንባዋ ጠና። እንጨቱን ስታነሳ ግን ሁለት መቶ ሜትር ሳትሄድ ወገቧ ከዳት። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ በንዴት እንጨቱ ላይ የታሰረውን ጎደሬ በቡጢ መታችው።

ድንጋይ በማንሳት የታወቁት ሽማግሌ ቴቱአኑይ ከአጥራቸው ሆነው ያዩዋት ነበር።

"ልጄ፣ ሩጫው ሳንባሽን ሠራልሽ። ወገብና ትከሻሽንስ ማን ይሥራልሽ?"

"እርስዎ ይሥሩልኛ፣ አባባ።"

"እኔ ድንጋዩን ነው የምሰጥሽ። ቂሙን ይዘሽ ነይ።"

"እሱስ ሞልቶኛል።"

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ድንጋይ፣ ሁለት ቀን ኮረብታ፣ ሁለት ቀን ታንኳ መቅዘፍ ሆነ። እሑድ ማረፍ ግዴታ ነው፤ ያላረፈ ጡንቻ አይጠነክርም ይላሉ ሽማግሌው። ሰውነቷ ሲደርቅ አሸዋ ላይ እጅና እግሯን እንድታፍታታ አደረጓት። ሚዛን እንድትለምድ ደግሞ ታንኳ ላይ በአንድ እግሯ ሲያቆሟት ስንት ጊዜ ወድቃ የባሕር ውሃ ጠጣች። እኔም አብሬ ሳቅኩባት፤ ሰደበችኝ።

በእኛ ዘንድ የሯጭን ሸክም የምታስረው ሚስት ናት። አሥራ አንዱንም ዓመት የማሩሂን ሸክም ያሰረችው ፑአራይ ነበረች። የዛፍ ልጥ ባሕር ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ቀጥቅጣ፣ አድርቃ ነው የምታስረው። አስተናጋጇ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ማሩሂ ራሱ በውድድሩ ቀን ጠዋት እርጥብ ልጥ ልጦ አሰረ።

ግማሽ መንገድ ላይ አርባ እርምጃ ቀድሟት ሳለ እርጥቡ ልጥ ተንሸራቶ ተፈታና ሙዙ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ተንበርክኮ ሲታገል ደረሰችበት።

"እለፊው! እለፊው እንጂ!" ብዬ ከመንገድ ዳር ጮህኩ።

እሷ ግን ሸክሟን አወረደች። በጥፊ ላጮላት ቃጣኝ።

"እግዜር ይስጥሽ" አላት ማሩሂ።

"አትመርቀኝ። ጫፉን ያዝ።"

ከወገቧ ትርፍ ልጥ አውጥታ አጥብቃ አሰረችለት። ስድስት ሰው አለፋቸው፤ ግድም አልሰጣት።

"በል ሩጥ" አለችው። "ልጡ ነው ብለህ እንዳታመካኝ።"

እኩል ተነሱ። ሜዳው ላይ እሱ ቀደመ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሆቴሉ ውስጥ ብረት ሲያነሳ ደረቱ አበጠ እንጂ አንድ ቀን ዳገት አልወጣም። የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ትንፋሹ አለቀ። ፑአራይ ዞር ብላ ሳታየው አለፈችው፤ ዳገቱ አናት ላይ ካለው መድረሻ ሰባተኛ ሆና ገባች።

ማሩሂ እያለከለከ ደረሰ። አስተናጋጇም ሕዝቡም ከበውታል።

"ሸክሙ... ወደ አንድ ጎን..." ብሎ ጀመረ።

"እስቲ ፍታው" አለችው ፑአራይ። "ላልቶ እንደሆነ ሁሉም ይየው።"

ጎተተው። በጥርሱም ሞከረ። ንቅንቅ አላለም፤ አንድ ሙዝ እንኳ አልጎደለም። ሰው ሁሉ ያየው ነበር፣ አስተናጋጇም ጭምር። ማሩሂ መፍታት ያቃተውን ሸክም መልሶ ትከሻው ላይ ጫነና ዳገቱን ብቻውን ወረደ።