ሳሙኤል የሣለው ፊት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከፎቶኮፒ ወረቀት ላይ ነበር። ሐይቅ ዳር በምንኖርበት ግቢ የአክስቴ ልጅ ሳሙኤል በጥቁር ቀለም ኮሚክ ይሥል ነበር፤ አሳታሚ ስላልነበረው ራሱ ያባዛዋል፣ ራሱ በሽቦ ያያይዘዋል፣ ለግቢው ልጆችም ራሱ ያነብልናል። መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች፣ የከሰሉ ፍም ላይ በቆሎ እየተጠበሰ፣ እኛ ዙሪያውን ተኮልኩለን፣ እሱ በስልኩ ባትሪ እያበራ በጣቱ ከሥዕል ወደ ሥዕል ይወስደናል። ማሽኑ ቀለም ስለሚያበዛ የወረቀቱ ሌሊት እሱ ከሣለው ይበልጥ ይጨልም ነበር። ያኔ ጭሱ ከምድጃው ይውጣ ከወረቀቱ ለመለየት ይቸግረኝ ነበር።

ታሪኩ ስም በሌላት የሐይቅ ከተማ ውስጥ ነው። የዓሣ አጥማጆች መረብ ይሰረቃል፣ አንድ ዘበኛ ይገደላል፤ ሕግ ዝም ሲል ጭምብል ያጠለቀ ሰው ወንጀለኛውን በየጨለማው ያሳድዳል። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ጉንጩ የጎደጎደ፣ የግራ ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ገና ብቅ ሲል የጎረቤታችን ልጅ ቤዛ «እንዴ! ጋሽ ዱካሌ!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ሳቅን።

ጋሽ ዱካሌ በቅርብ ካለችው ከቱላ ከተማ እየተመላለሱ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልቱ ሰው ነበሩ። ሳሙኤል ክፉ አላሰበም፤ «ፊታቸው ጥላ ይይዛል» ነበር ያለኝ። ግን በዚያው ሰሞን የእውነት መረብ ጠፋ። ኮሚኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ስለነበር «ልጁ ያየው ነገር ባይኖር አይሥለውም» ይባል ጀመር። አጥማጆቹ ዓሣቸውን ሌላ ሰው እንዲበልትላቸው መስጠት ያዙ። ጋሽ ዱካሌ ቢላዋቸውን ይዘው ሥራ ፈተው ሲቀመጡ አይቻለሁ፤ ጎረምሶች በአጠገባቸው ሲያልፉ «ባለ ጭምብሉ መጣልህ!» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ድንጋይ ተወረወረባቸው።

አባቴ ሳሙኤልን «ሄደህ በሰው ፊት ተናገር» አለው። ሳሙኤል ግን «በመጨረሻው ክፍል ነፃ አወጣቸዋለሁ» አለ። ችግሩ፣ የመጨረሻው ክፍል ሐሜቱ ከመነሣቱ በፊት ተሥሎ አልቆ ነበር፤ ወንጀለኛውም እሳቸው ነበሩ። «ሳነብ ቃሉን እቀይረዋለሁ፤ በዚያ ጨለማ ሥዕሉን በእጄ ብሸፍነው ማን ያያል?» አለኝ።

ሊያነብልን በተቀመጠበት ምሽት ጋሽ ዱካሌ በግቢው በር ገቡ። ባዶ ጀሪካን ገልብጠው ከመካከላችን ተቀመጡ።

«ለኔም አንብብልኝ» አሉ። «የኔን ነገር አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ሳሙኤል ማንበብ ጀመረ። ጋሽ ዱካሌ ጎንበስ ብለው አዩና ባለ ጭምብሉን በጣታቸው ነኩት።

«ይሄ ፊቱን ለምን ሸፈነ?»

«እንዳይታወቅ ነው፣ ጋሼ።»

«እኛ ጋ ሰው ሲከሰስ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከሳሹም ፊቱን አሳይቶ ነው የሚናገረው።»

ሳሙኤል ገጹን ገልጦ ማንበቡን ቀጠለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ሥዕሉን በመዳፉ ሸፈነና «ወንጀለኛው ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነበር» ብሎ አነበበ። ጋሽ ዱካሌ መዳፉን ቀስ ብለው አነሡት። ቅንድቡ የተከፈለው ሰው እጁ ታስሮ ተንበርክኳል፤ ባለ ጭምብሉ ከበላዩ ቆሟል። ረጅም ጊዜ አዩት። በቆሎው እያረረ ነበር፣ ያነሣው ግን አልነበረም።

«ጎበዝ ነህ» አሉት። «እናቴ ብታይ ልጄ ነው ትል ነበር።»

ደህና እደሩ ብለውን ወጡ። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ዳር አልታዩም። ሳሙኤል ቱላ ድረስ ሄዶ ፈልጓቸው ነበር፤ ምን እንዳገኘ ነግሮኝ አያውቅም፣ ኮሚክም ከዚያ ወዲህ አልሣለም።

የመረቡ ሌባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አሁን ይህን ስጽፍ «ንጹሕ ነበሩ» ለማለት እጄ ይቸኩላል፤ ቆም ብዬ ግን በምን አውቃለሁ እላለሁ። ጥፋተኛ ያላቸው ሥዕልም ንጹሕ ያላቸው የሳሙኤል ንባብም የመጡት ከዚያው ወረቀት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ያን ምሽት ከክንድ ባነሰ ርቀት ተቀምጠው ነበር፤ የፍሙ ብርሃንም ፊታቸው ላይ ነበር። ይኸው ዛሬ ጋሽ ዱካሌን ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ በቀለም የተሣለው፣ እጁ የታሰረው ሰው ነው። የእሳቸውን የራሳቸውን ፊት ግን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት።